ማይክሮፎኑ ቅቤ ተራ የመጣ ቀን

ትናንት አመሻሽ ላይ የልጅ ልጄ ቴሌቪዥን ከፍታ ታያለች፤ እኔ ከጎኗ ተቀምጬ ጎመን እቀነጥሳለሁ። ምርጫ ስለደረሰ ወሬው ሁሉ እሱ ነው። አንድ ጋዜጠኛ ጥቁር ስፖንጅ የለበሰ ማይክሮፎን ይዞ አንዲት መንገደኛ ሴት አስቆመና አፏ ሥር ደቀነባት። «ማንን ለመምረጥ አስበዋል?» አላት። እኔ የያዝኩትን ጎመን በድንጋጤ ጣልኩት። ሴትየዋ ግን ምን ገዷት! ፈገግ ብላ ስም ጠራች፤ የቦርሳዋን ማንገቻ አስተካከለችና መንገዷን ቀጠለች።

የልጅ ልጄ «አያቴ፣ ምን ሆንሽ?» አለችኝ።

«ምንም፤ እግሬን ደንዝዞኝ ነው» አልኳት። እግሬ ደህና ነበር። አፍንጫዬ ላይ የመጣብኝ የኮባ ቅጠልና የለጋ ቅቤ ሽታ ነው። ከሱ ቀጥሎ ደግሞ ፀሐይ ያገኘው የቆዳ ሽታ መጣ፤ እሱ የራዲዮው ነው። ለእሷ ያልነገርኳትን ለእናንተ ልንገራችሁ።

ጊዜው የንጉሡ ዘመን ነው። ቴሌቪዥን አዲስ አበባ ገብቷል ይባላል እንጂ ሆሳዕና ላይ ያየው ሰው ጥቂት ነበር። ያዩትም ሲያወሩ አይስማሙም፤ አንዱ ቁም ሣጥን ያክላል ይላል፣ ሌላው የጫማ ካርቶን ያክላል ይላል። እኛ የምናውቀው ራዲዮን ነው። «እኛ» ስል የአማቴን ነው፤ የባሌን አባት። ቡናማ ቆዳ የለበሰ፣ ሲከፈት ጥቂት ተንተባትቦ የሚናገር ራዲዮ ነበራቸው። ከኋላው የወጣው ሽቦ በመስኮት አልፎ ግቢው ውስጥ ካለው ባሕር ዛፍ ጫፍ ላይ ታሥሯል። ንፋስ ሲመጣ ዛፉ ይወዛወዛል፤ አዲስ አበባ ያለው ሰውዬም ድምፁ ይሄድና ይመለሳል። ቀን ቀን የባትሪ ድንጋዮቹን አውጥቼ ፀሐይ ላይ ማስጣት የኔ ሥራ ነበር። የሞቀ ባትሪ ዕድሜው ይረዝማል ይባላል። እውነት ይሁን ውሸት እስከ ዛሬ አላውቅም።

አመሻሽ ላይ አማቴ ራዲዮውን መስኮት ላይ ያስቀምጡና ጎረቤቱ ሁሉ ግቢያችን ይሰበሰባል። ሙስሊሙም ጴንጤውም፣ ከሀቢቾ መንገድ የሚመለስ ገበሬም አጥር ተደግፎ ይሰማል። ከሽማግሌዎቹ ብዙዎቹ አማርኛ ስለማይሰሙ አማቴ አንድ አረፍተ ነገር ይሰሙና ወደ ሐድይኛ ይመልሱላቸዋል። አመላለሳቸው ደግሞ ጣዕም ነበረው። ራዲዮው በደረቁ «የዝናብ እጥረት ታይቷል» ያለውን እሳቸው «ሰማዩ እጁን አጥፏል» ብለው ይነግሯቸው ነበር። ሽማግሌዎቹ የሚያምኑት ራዲዮውን ሳይሆን አማቴን ነው።

ታዲያ በዚያ ዓመት አማቴ ራሳቸው ለፓርላማ ተወዳደሩ። ገበሬና የቅቤ ነጋዴ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌም ነበሩ። ወንዙ ክረምት በመጣ ቁጥር ገበያተኛ ይወስድ ስለነበር ድልድይ ድልድይ ሲሉ ኖረው፣ «እዚህ ሆኜ ብጮህ የሚሰማኝ የለም፤ ሄጄ እዚያው ልጩህ» ብለው ተነሡ። ሌላም ተወዳዳሪ ነበር፤ የጃጁራ ሰው፣ የጭነት መኪና ባለቤት፣ ለጋስና ተጫዋች። ስሙን አልነግራችሁም። በዚያ ዓመት የጠራሁት ለዕድሜ ልኬ ይበቃኛል። ባለመኪናው ልበለው።

እኔ ያኔ የአሥራ ሰባት ዓመት ሙሽራ ነኝ። ትውልዴ አንጋጫ ነው፤ ከምባታ ነኝ። ሚሲዮን ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ድረስ ስለተማርኩ አማርኛ እናገራለሁ፤ ሐድይኛው ግን ገና ምላሴ ላይ አልተመቻቸም ነበር። ባሌ ሞርሲቶ ከተማ ያስተምር ስለነበር የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። የቀረውን ሳምንት ከባሌ አባትና እናት ጋር ነበርኩ።

በእኛ አገር ደግሞ ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም። የአባቱን ወንድሞችም ስም አትጠራም። ስም ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር፤ በስሙ መነሻ ድምፅ የሚጀምር ቃል ሁሉ ከአፏ ይጠፋና በሌላ ይተካል። እኛ ከምባታዎቹ ባሊሻ እንለዋለን። እናቴ እንሰት እየፋቅን ነው ያስጠናችኝ። «አፍሽ ቢስትሽ የምሰደበው እኔ ነኝ» ትለኝ ነበር። ይህን ፍርሃት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ክብር ነው፤ ትንሽ ፍርሃትም አለበት። አማቴም በበኩላቸው ግቢ ሲገቡ ዞር እንድል በር ላይ ሳል ያሰሙ ነበር። አንዳንዴ ሳሉ ሳይመጣላቸው ሲቀር ቆመው ሲታገሉ ከጓዳ እሰማቸዋለሁ። በጣም ነበር የምወዳቸው።

የገበያ ቀን ነው። ሲዘንብ ስላደረ መሬቱ ላቁጧል። ጭቃው ላይ ኮባ አንጥፈን፣ ቅቤያችንን በኮባ ጠቅልለን ቅቤ ተራ ተቀምጠናል። ላንድሮቨር መጥቶ ገበያው ጫፍ ቆመና ኮትና ከረባት ያደረገ ወጣት ወረደ። ጫማውን ወዲያው ጭቃ ዋጠው። ትከሻው ላይ ከባድ ሣጥን አንግቷል፤ በእጁ ደግሞ ከሣጥኑ በሽቦ የተያያዘ አጭር ዘነዘና የሚመስል ነገር ይዟል።

«የራዲዮ ሰው ነው! ስለ ምርጫው ሊጠይቅ ነው!» ተባለ። ገበያው ሥራ ፈታ። ወንዶቹ ተሻምተው ተናገሩ፤ አንዳንዱ ከተናገረ በኋላ ዞሮ መጥቶ ሁለተኛ ይሰለፋል። ጋዜጠኛው «አሁን ደግሞ ሴቶች፤ ሴቶችም መራጭ ናቸው» አለና ወደ እኛ መጣ። ሴቶቹ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ሳብ አድርገው «አማርኛ አናውቅም» አሉት። ያሉት በጥሩ አማርኛ ነው። አጠገቤ የነበረችው ባልቴት በክርኗ ጎሸም አደረገችኝና «ይቺ ታውቃለች፤ ተማሪ ነበረች» አለችው።

ጋዜጠኛው ኮቱን ሰብሰብ አድርጎ ፊት ለፊቴ ቁጢጥ አለ። «እህቴ፣ በሚመጣው ምርጫ ማንን ትመርጫለሽ?»

«አማቴን።»

ሣቀ። «ማን ናቸው እሳቸው?»

«አማቴ ናቸዋ።»

«ገባኝ፤ ግን አዲስ አበባ ያለ አድማጭ አማትሽን በምን ያውቃቸዋል? ገና ማሽኑን አልከፈትኩትም፤ ስከፍተው ስማቸውን ትነግሪኛለሽ።»

«ስም አልጠራም» አልኩት።

አንገቱን ወደ እኔ ዘለግ አድርጎ ድምፁን ቀነሰ። «ፈርተሽ ነው? አይዞሽ፣ ማንም ምንም አያደርግሽም። ምርጫው ነጻ ነው።» ምስኪን፣ መንግሥት የፈራሁ መስሎታል። ባሊሻን በአማርኛ እንዴት አድርጌ ላስረዳው? እኔ ቃል ስፈልግ እሱ ሣጥኑን ቀጭ አደረገው፤ ሁለት ክብ ነገሮች መዞር ጀመሩ። ከሩቅ የአህያ ጩኸት ብቻ ይሰማል። ዘነዘናው አገጬ ሥር መጣ።

«ማንን ትመርጫለሽ? ስም ብቻ።»

«አላውቅም» ማለት ይቻል ነበር። ዛሬ እዚህ ተቀምጬ ጎመን ስቀነጥስ ይመጣልኛል፤ ያኔ ግን አልመጣልኝም። «ተማሪ ናት» ተብዬ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ እያየኝ፣ ሁለቱ ክቦች ዓይኔ ሥር እየዞሩ፣ መልስ መመለስ እንዳለብኝ ብቻ ነው የታየኝ፤ ልክ መምህር ጠይቆኝ እንደቆምኩ። የአማቴ ስም ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ እዚያው ቆመ። ከሁለት ስም አንዱን መጥራት የማይችል ሰው የሚቀረው አንድ ነው። የባለመኪናውን ስም ጠራሁ፤ ያውም ከነአባቱ።

ጋዜጠኛው «በጣም ጥሩ፤ ድምፅሽም ጥርት ያለ ነው» ብሎ አመሰገነኝና ጫማውን ከጭቃው እየነቀለ ሄደ። ላንድሮቨሩ የጃጁራን መንገድ ያዘ። ባልቴቷ እጇን አፏ ላይ ጭና «ምን አደረግሽ አንቺ ልጅ?» አለችኝ። ያደረግሁትን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ወሬው ቀድሞኝ ቤት ገብቷል። የባሌ እናት በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

ረጅም ሴት ነበሩ፤ ሲቆጡ ደግሞ ይጨምራሉ። «ስማቸውን አለመጥራትሽ ደግ ሥራ ነው። የዚያኛውን መጥራት ግን ምን ይባላል? ሰው የሚሰማው የጠራሽውን ነው እንጂ ያልጠራሽውን አይሰማም። ‹የገዛ ምራቱ ያልመረጠችውን እኛ ምን ቆርጦን!› ይላሉ። ‹ከከምባታ ያመጣት ልቧ ከኛ ጋር አይደለም› ይላሉ።» ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «በራዲዮ ከወጣ፣ ሽማግሌ ተቀምጦ ወደ አባቷ ቤት ትመለስ ካለ፣ የምከራከርበት አፍ የለኝም።»

ወደ አባቴ ቤት። ተመልሳ የመጣች ሴት ሰፈራችን ውስጥ ነበረች፤ ውኃ ስትቀዳ እንኳ ሌሎቹ እስኪጨርሱ ርቃ የምትቆም። ደግሞም ቤቱን ለምጄዋለሁ። ባሌን እወደዋለሁ። ያንን የሚታገሉትን ሳል ሳልሰማ እንዴት እንደምውል አላውቅም ነበር።

ለአማቴ የነገራቸው ሰው አልነበረም። እንዲህ ያለውን ነገር ሽማግሌ ፊት ይዞ የሚቀርብ የለም፤ ከተማው በሙሉ እያወቀ እሳቸው ብቻ ሳያውቁ ሰነበቱ። ቅዳሜ ባሌ ሲመጣ ሁሉንም ነገርኩት። ሰማኝና «ስንት አገር አለ፤ የስንቱን ሰው ድምፅ ያሰማሉ? የኛ ላይወጣ ይችላል። ካልወጣ ደግሞ አባባን ለምን እናስቀይማቸዋለን?» አለኝ። እኔን ለማጽናናት ነው። እሱም ግን ያን ሌሊት አልተኛም።

ከዚያ በኋላ አመሻሽ በመጣ ቁጥር እጠወልጋለሁ። የራዲዮው ሰውዬ «የምርጫ ዝግጅት» ሲል ከማድቤት ጀርባ እቆማለሁ። «ዛሬ ከሐረርጌ» ይላል፤ እፎይ እላለሁ። «ዛሬ ከጎጃም» ይላል፤ ጎጃምን እመርቃለሁ። ኢትዮጵያ ይህን ያህል ሰፊ መሆኗን ያመሰገንኩበት ጊዜ ቢኖር ያን ሰሞን ነው። አንድ ምሽት ግን ሰውዬው ሊሰናበት ሲል «ነገ ከከምባታና ሐዲያ አውራጃ ያገኘነውን እናሰማችኋለን» አለ። ግቢው በደስታ ጮኸ። አማቴ ፊታቸው ሁሉ በርቶ «ነገ ማንም እንዳይቀር!» አሉ።

በማግስቱ እንደ ልማዴ ባትሪዎቹን ፀሐይ ላይ አስጣሁ። እንሰቱ ጋ ደርሼ ስመለስ የሉም። አማቴ ወደ አመሻሽ ራዲዮውን ሊከፍቱ ሲሉ ቤቱ ተፈለገ፣ አልጋ ሥር ታየ፣ ጠፋ።

የባሌ እናት ከመቀመጫቸው ንቅንቅ ሳይሉ «ድመት ወስዳው ይሆናል» አሉ።

«ድመት ባትሪ መብላት ጀመረች?» አሉ አማቴ።

«ዘንድሮ የማይሰማ ጉድ የለም።»

ቀና ብዬ አየኋቸው። እሳቸው አላዩኝም፤ ግን ገባኝ። እኚያ «አፍ የለኝም» ያሉኝ ሴት ለእኔ ሲሉ ሌባ ሆነው ተቀምጠዋል። እቅፍ አድርጌ ብስማቸው ደስ ባለኝ፤ ግን ምኑም አልጠቀመም። ግቢው ሞልቷል። አንዱ ጎረቤት የእጅ ባትሪውን ፈትቶ «እንኩ ይሄን» አለ። ሌላው ቀጠለ። ሁሉም በጨለማ ወደ ቤቱ ለመሄድ ቆርጦ ድንጋዩን እያወጣ ሰጠ፤ ለአማቴ ክብር። ራዲዮው እንደዚያን ቀን ጮኾ አያውቅም።

እኔ ማድቤት በር ጀርባ፣ ከማገዶው አጠገብ ቆሜያለሁ። ጀምበር እየገባች ስለነበር በበሩ ስንጥቅ ቀይ ብርሃን ገብቶ እጄ ላይ ያርፋል። ያ የገበያው ጋዜጠኛ ተናገረ፤ አማቴ ተረጎሙ። ከገበያ የተናገሩት ወንዶች ተሰሙ፤ ሰዉ «ይሄማ እገሌ ነው!» እያለ ይስቃል። ቀጥሎ «አሁን በጃጁራ ያነጋገርናትን አንዲት ሴት እናሰማችሁ» ተባለ። «ማንን ትመርጫለሽ?» አላት። ሴትየዋ ትንሽ ቆየችና የአማቴን ስም ጠራች። ያውም ከነአባታቸው።

አማቴ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። ጃጁራ እኮ የባለመኪናው አገር ነው! «ሰማችሁ? በገዛ አገሩ እኔን የምትመርጥ ተገኘች!» ብለው ወደ ሐድይኛ መለሱላቸው። እልልታው ገና ሳያበቃ ከወደ አጥሩ አንድ ሽማግሌ «ቆዩ፣ ቆዩ» አሉ። «ድምፅዋን አወቅሁት። የእህቴ ልጅ ናት! የባለመኪናውን ልጅ ያገባችው።»

ግቢው ተንጫጫ። «የባለመኪናው ምራት?» «አማቷን ትታ?» «ምን ብትበደል ነው?» አማቴን በስንጥቁ አየኋቸው፤ እጃቸውን ጢማቸው ላይ አድርገው ያስባሉ። ራዲዮው ግን ማንንም አይጠብቅም። «ከሆሳዕና ቅቤ ተራ ደግሞ...» አለ።

ከዚያ እኔ ተናገርኩ። ራስን በራዲዮ መስማት ከባድ ነው፤ የኔ ድምፅ እንዲያ ቀጭን መሆኑን አላውቅም ነበር። አንድ ስም ብቻ ነው፤ ጥርት ያለ፣ ከነከምባትኛ ቅላጼው። ከተማው ውስጥ እንዲህ የምትናገር ሌላ ሴት እንደሌለች የማያውቅ አልነበረም።

አማቴ አልተረጎሙም። ጋዜጠኛው ቀጠለ፤ አንድ አረፍተ ነገር አለፈ፣ ሌላም አለፈ። አማርኛ ከማይሰሙት አንዱ ሽማግሌ በመጨረሻ «ምን አለች?» ብለው ጠየቁ።

አማቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «‹አማቴን እመርጣለሁ› ትላለች።»

«እኔ የሰማሁት የባለመኪናውን ስም ነው» አሉ ሽማግሌው።

«ስሙንማ የጠራችው የእሱን ነው። የኔን እንድትጠራ ፈልገህ ነበር? አዲስ አበባ ድረስ፣ ንጉሡ ድረስ በሚሰማ ነገር ስሜን ጠብቃልኛለች። የጃጁራዋስ ማንን ጠራች? እሷም ያለችው ‹አማቴን እመርጣለሁ› ነው። ሁለት የተባረኩ ልጆች ናቸው፤ የአዲስ አበባው ልጅ ነው ያስጨነቃቸው።»

ከዚያ ከወደ አጥሩ አንድ ሰው ሣቁን መቆጣጠር አቃተው፤ ቀጥሎ ሁሉም። ሰዎች ጭናቸውን እየመቱ፣ አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ እየተደገፉ ሣቁ። መሐል ላይ ጋዜጠኛው «ከሕዝቡ አስተያየት እንደተረዳነው፣ ሁለቱም ተወዳዳሪዎች አንዱ በሌላው ሰፈር ብርቱ ደጋፊ አላቸው» ሲል አማቴ እንባቸውን እየጠረጉ ሊተረጉሙላቸው ሞከሩ፤ አልቻሉም።

እኔ ማገዶው ላይ ቁጭ አልኩ። ስንት ቀን ደረቴ ላይ የተቀመጠ ነገር ተነሥቶልኝ አየር ስስብ ጭሱ እንኳ ጣፈጠኝ። ማልቀሴን ይሁን መሣቄን አላወቅሁም። የባሌ እናት ገቡና ከቅቤው ማሰሮ ውስጥ በኮባ የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ጭኔ ላይ ጣሉት። ባትሪዎቹ ናቸው። «ድመቷ መልሳዋለች። ተነሺ፣ እንግዶች አሉ» አሉኝ። ሲወጡ ራሴን ዳበስ አድርገውኝ ነው ያለፉት።

አማቴ በማግስቱ ሌላ ሐሳብ ያዛቸው። ለካ የእሳቸውም፣ የወንድሞቻቸውም፣ የአጎታቸው ልጆችም ምራቶች በሙሉ ስማቸውን አይጠሩም። «ደጋፊዬ ሁሉ ምራቴ ነው፤ የሚጠራኝ ጠፍቶ ልሸነፍ ነው!» ብለው ራሳቸውን ያዙ። ደግነቱ በኋላ ለየተወዳዳሪው የሥዕል ምልክት ተሰጠ። ለእሳቸው ማንኪያ፣ ለባለመኪናው ጃንጥላ። አማቴ የእንጨት ማንኪያ ይዘው መንደር ለመንደር ዞሩ። ሴቶቹም በድምፅ መስጫው ቀን የማንንም ስም ሳይጠሩ፣ ማንንም ሳያስቀይሙ በጣታቸው ማንኪያውን አሳዩ።

አልበቃም። ባለመኪናው አሸነፈ። ውጤቱን ራዲዮው ሲናገር አማቴ እንደ ልማዳቸው መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ሰሙና አንድ ቃል ሳያጎድሉ ለሽማግሌዎቹ ተረጎሙላቸው። ጨርሰው «ክረምት እየገባ ነው፤ ሰው ጃንጥላ ቢመርጥ ምን ይፈረዳል?» አሉ። ያን ምሽት ሲገቡ በር ላይ አላሳሉም፤ ረስተውት ይመስለኛል። እኔም ዞር አላልኩም። ቆሜ እራታቸውን ሰጠኋቸው፤ ተቀበሉኝ።

ዓመታት ሄዱ። ልጆች ወለድኩ። የባሌ እናት ቀድመው ሄዱ፤ ከዚያ የአማቴ ወንድሞች በየተራ፤ ከዚያ እነዚያ ግቢያችን የሚሰበሰቡት ሽማግሌዎች። አማቴ አልጋ ላይ ሲውሉ የማጥባቸውም የማጎርሳቸውም እኔ ነበርኩ። ጀርባ መስጠቱ ቀርቶ ፊታቸውን እያየሁ እናወራለን። ስማቸውን ግን አልጠራሁም፤ እሱ ከኔ ጋር አብሮ አርጅቷል።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናብ ካባራ በኋላ ነው፣ አጥሚት ሳጠጣቸው እጄን ያዙኝ።

«ልጄ፣ ስሜን ከሰማሁ ብዙ ጊዜ ሆነኝ» አሉኝ። «የሚጠሩኝ ሁሉ አለቁ። ልጆቹ አባባ፣ ሰፈሩ አባባ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አባታችን። አንዳንዴ ራሴም ይጠፋኛል። አንዴ ጥሪኝ።»

«ኧረ አይሆንም» አልኳቸው።

«የኔ ስም አይደለም? እኔ ፈቅጃለሁ።» ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ተነሥቼ በሩን ዘጋሁት። ማን እንዳይሰማ እንደሆነ አላውቅም፤ ቤት ውስጥ ማንም አልነበረም። ተመልሼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና ወደ ጆሯቸው ጎንበስ አልኩ። አፌ እምቢ አለኝ፤ እንደገና ሞከርኩ። ከዚያ ቀስ ብዬ፣ ከነአባታቸው፣ ስማቸውን ጠራሁ።

ዓይናቸውን አልገለጡም። እናቱ ከሜዳ እንደጠራችው ልጅ ፊታቸው ፈካ አለና «አቤት» አሉኝ።